የመንጌ ቅጠል ለማን ይደርሳል?

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ በመንጌ ዙሪያ መሬቱ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ዝናቡ ሄዷል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር ባለበት ደርቆ ቆሟል፤ የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመሉ፣ ቀጫጭን ቅጠሉን ያራግፋል፤ የዱሩም ዛፍ እርቃኑን ሊቀር ምንም አልቀረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሸንተረሩ ማዶ ቀጭን ጭስ ይነሣል። ማታ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። በማግስቱ ቅጠል የነበረበት ቦታ ጥቁር ነው፤ አመዱንም የመጀመሪያው ንፋስ ይዞት ይሄዳል።

ይህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በየዓመቱ የሚሆን ስለሆነ ዜና አይባልም። እሳቱን የሚለኩሰው ሰው ምክንያት አለው፦ ማሳ ለመመንጠር፣ ለፍየሉ ለምለም ሣር እንዲያቆጠቁጥለት፣ አውሬ ለማደን፣ ማር ለመቁረጥ፣ እባብን ከደጅ ለማራቅ። ስለዚህ እሳቱን በማውገዝ አልጀምርም። በትልና በሳጥን መጀመርም አልፈልግም፤ ስለ ትል ኮምፖስት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚያ ስለሚጀምር ቅጠሉ ይረሳል። በመንጌ አንድ ቅጠል ከረገፈ በኋላ ሦስት ፈላጊ አለው፤ እሳት፣ ምስጥና የመሬት ትል። እሳቱ ፈጣን ነው። ምስጡ ቀንም ሌትም ይሠራል። ትሉ ግን ጥላና ውኃ ካላገኘ ለሽሚያውም አይደርስ። በእኔ እምነት የዚህ ወረዳ የትል ኮምፖስት ጥያቄ ቅጠሉን ከሁለቱ ቀድሞ ለሦስተኛው ማድረስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ትሉን ማምጣት የመጨረሻው ሥራ ነው።

መንጌ ከአሶሳ በስተሰሜን፣ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እያቆለቆለ በሚሄድበት በኩል ያለ የአሶሳ ዞን ወረዳ ነው። ነዋሪው በብዛት በርታ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሰሊጥና ለውዝ ይዘራል፤ ማንጎ በየደጁ፣ ፍየል በየቤቱ አለ። በጋ ሲሆን ጉልበት ያለው ወርቅ ፍለጋ ይወጣል። አሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ዝናቧ አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንብና ቀሪው ግማሽ ዓመት ደረቅ ነው። ከአሶሳ ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ዓመቱ በዚህ መልክ ለሁለት መከፈሉ የሚቀጥለውን ነገር ሁሉ ይወስነዋል፤ ቅጠል የሚበዛው ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ውኃ የሚበዛውም ቅጠሉ ከነደደ በኋላ ነው።

አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ አሲዳማነቱ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፎረሱን ጨብጠው ስለሚይዙት ገበሬው ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ሳይቀር ሥሩ አጠገብ ተቆልፎ ይቀራል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ምዕራቡ ይገኝበታል። የታወቀው መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚለካ፣ ከሩቅ በመኪና የሚጫን ከባድ ነገር ነው፤ አሶሳ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የበሰበሰ ቅጠል ኖራን አይተካም፤ ሆኖም አሉሚኒየሙን በማሰር ፎስፎረሱን ለሥሩ ያስለቅቃል፣ ውኃም ይይዛል። ያውም ለመምጣት መኪና አይጠይቅም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ይረግፋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሳ። አማርኛችን ዛሬ ጆንያውንም «ማዳበሪያ» ይለዋል። «ሁለት ማዳበሪያ በቆሎ» ሲባል ዩሪያ መጥቶበት የነበረው ነጭ ከረጢት ማለት ነው። ከረጢቱ ስሙን ከይዘቱ ወርሶ ቀረ። መሬትን የሚያዳብረው ነገር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው የሚለው ሐሳብ ምን ያህል እንደገባን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ ገጠሩ የደነገጠውም በዚህ ልክ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ በአገራችን ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከጥቂት መንደሮች ጋር የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። ከገበሬዎቹ ማሳ ለዓመታት የተሰበሰበው የምርት መረጃ ኮምፖስት የገባበት መሬት የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት ጋር እኩል ወይም የበለጠ እንደሚያመርት አሳየ። ተወልደ ብርሃን በ2000 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ኮምፖስት ወደ ግብርና ኤክስቴንሽኑ ገባ፤ ቆይቶም የትል ኮምፖስት ተከተለው። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ደጋማ ወረዳዎች የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂአይዜድ በ2015 እ.ኤ.አ. በጀመረው የአፈር ለምነት ፕሮጀክት የትል ኮምፖስትን ለገበሬው ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ጣና ላይ ውኃውን የወረረው እምቦጭ፣ የቡና ገለፈት፣ የጫት ገረባ ሳይቀሩ ለትል እየተሰጡ በተመራማሪዎች ተሞክረዋል።

ይህ ልምድ ሁሉ ግን በአብዛኛው የደጋ ልምድ ነው። ደጋው እበት አለው፤ በእበቱ ኩበት ጠፍጥፎ የሚያነደው እንጨት ስለሌለው ነው። መንጌ ደግሞ ለምድጃ የሚሆን እንጨት አያጣም፤ የሚነደው ቅጠሉ ነው፤ እበቱም ጥቂት ነው። ምክንያቱ የቆላ ዝንብ ነው። በዓባይና በዳቡስ ሸለቆዎች የሚራባው ይህ ዝንብ የገንዲ በሽታን እያስተላለፈ ከብት እንዳይበዛ አድርጓል፤ ፍየል በየቤቱ የበዛው በከፊል ለዚህ ነው። ለትል አርቢው ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በደጋው መመሪያ ላይ «አንድ እጅ ቅጠል፣ ሁለት እጅ እበት» ተብሎ ቢጻፍ መንጌ ላይ ግልባጩ ነው የሚገኘው። ሁለት ሦስት እጅ ቅጠል፣ አንድ እጅ የፍየል በጠጥ።

ከዚህ በኋላ ትሉን ቀረብ ብለን እንየው። ቻርልስ ዳርዊን በ1842 እ.ኤ.አ. ከቤቱ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ የተሰባበረ ኖራ ድንጋይ አስበተነና ሜዳውን እንዳለ ተወው። ከ29 ዓመት በኋላ ቦይ ሲያስቆፍር ነጩ መስመር 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች ወርዶ አገኘው። ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም፤ ትሎች ከሥር አፈር እያወጡ ላዩ ላይ ሲጨምሩበት ኖረዋል። በ1881፣ ሊሞት ስድስት ወር ገደማ ሲቀረው ባሳተመው የትል መጽሐፉ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ትሎች ቅጠልን ወደ ጉድጓዳቸው ሲጎትቱ በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት ለማወቅ ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቆርጦ ሰጣቸው። አብዛኞቹን በሹሉ ጫፍ ጎተቱ። ያን ያህል ዝነኛ ሰው በእርጅናው ጎንበስ ብሎ ትል የጎተተውን ወረቀት ሲቆጥር ማሰብ ለእኔ ደስ ይለኛል።

ዳርዊን ያያቸው ትሎችና በሳጥን የሚረቡት አንድ አይደሉም። ልዩነቱ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አንዳንዱ ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ አፈር እየበላ ይኖራል፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ማታ ቅጠል ሊወስድ ይወጣል፤ ሦስተኛው ወገን አፈር ውስጥ ከቶ አይገባም፣ በሚበሰብስ ቅጠልና በፍግ ክምር ውስጥ ብቻ ይኖራል። ኮምፖስት የሚሠራው ይህ ሦስተኛው ነው። በአገራችን የተሠራጨው ቀዩ ትል፣ በሳይንስ ስሙ ኤይሴኒያ ፌቲዳ፣ ከዚህ ወገን ነው። ሐምሌ ላይ ማሳ ሲቆፈር የሚወጣውን ግራጫ ትል ለቅሞ ሳጥን ውስጥ መጨመር ለዚህ ነው የማይሠራው፤ እርሱ ቅጠል ሳይሆን አፈር ይፈልጋል፤ ይሞታል ወይም ይጠፋል።

ቀዩ ትል ጥርስ የለውም፤ ቅጠሉን አስቀድመው የሚያለሰልሱለት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋሲያን ናቸው። ሳንባም የለውም፤ በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል፣ ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል። ምቹው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ 35 ሲያልፍ ያልቃል። ምግቡ የተጨመቀ ስፖንጅ ያህል እርጥብ መሆን አለበት። እፍኝ ሙሉ ይዘው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ጭራሽ ካልወጣ ደርቋል። ሁለት ትሎች ከተገናኙ በኋላ እያንዳንዱ የሎሚ ቅርጽ ያላት፣ ከማሽላ ፍሬ የማትበልጥ እንቁላል መያዣ ይጥላል። መጀመሪያ ገርጣ ያለ ቢጫ ናት፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ ወደ ቀይ ቡኒ ትጠቁራለች፤ ከውስጧም ሁለት ሦስት ነጭ ክር የመሰሉ ትሎች ይወጣሉ። በሁለት ወር ገደማ እነርሱም ይዋለዳሉ። ትሉ የሚረባበት መደብ ጤነኛ መሆኑን የማውቀው በትልቁ ትል ሳይሆን በነዚህ ቢጫ ፍሬዎች ነው። ትልቅ ትል እየተጎዳም ሊቆይ ይችላል፤ ያልተመቸው ግን አይወልድም።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንመለስ፤ ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። የማንጎ ቅጠል ወፍራም ነው፣ ላዩ በሰም የተቀባ ይመስላል፤ ሙሉውን ከጣሉት ለወራት ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የሽመል ቅጠል ሲሊካ ስለሚበዛበት ለመበስበስ ይዘገያል። በአካባቢው ሰፈራ መንደሮች ዙሪያ የተተከለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ ትሉን ያሸሻል። በአንጻሩ የግራዋ፣ የብሳናና የዋንዛ ቅጠል ቶሎ ይለሰልሳል። የለውዝና የአኩሪ አተር ገለባ ደግሞ ናይትሮጅኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ለመንጌ ሰው የእበቱን ጉድለት የሚሞላው እርሱ ነው። ከሰሊጡና ከለውዙ ውድማ ላይ የሚቃጠለው ገለባ ቆጨኝ ብል ማጋነን አይደለም፤ የማንጎውን ቅጠል የሚያብላላው እርሱ ነበር።

በማንጎ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጩ የማንጎ ስኬል ወደ ምዕራብ እየተዛመተ ቤኒሻንጉል ገብቷል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታይ፣ ጭማቂውን የሚመጥ ነፍሳት ነው። የረገፈውን ቅጠል እዚያው ግቢ ማብላላት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያጠፋዋል። ከመንደር ወደ መንደር በጆንያ ማጓጓዝ ግን ነፍሳቱን ማጓጓዝ ነው።

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘለው የመጀመሪያውን ነው። ቅጠሉ ይከተከታል፤ በጠጡና ገለባው ይቀላቀሉበታል፤ ይረጥብና ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ይከመራል። በዚህ ጊዜ ክምሩ ይግላል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋሲያን ይሞታሉ፤ የሽንቱ አሞኒያም ይተናል። ትል ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ የትል መደብ መጋል የለበትምና። ስለዚህ ሳይብላላ ወደ ትሉ የሄደ ፍግ አረሙን እንደያዘ ይወጣል፤ ይባስ ብሎም መደቡ ውስጥ ሆኖ ይግላል። ይህን በራሴ ግቢ አይቻለሁ። ከአንድ የከብት በረት ያመጣሁትን ትኩስ እበት ማታ ጨምሬ ጠዋት ክዳኑን ሳነሣ ትሎቹ በሳጥኑ ማዕዘኖች ላይ ተቆላልፈው ድቡልቡል ሆነው ነበር፤ ግማሾቹ ገርጥተው፣ ግማሾቹ ቀልጠው። እጄን መሃሉ ላይ ሳስገባ እንደ ትኩስ ገንፎ ይፋጅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ክምሩን በእጄ ሳልነካ ለትል አልሰጥም።

የውኃው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ሁለት ካሬ ሜትር መደብ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ግማሽ ጀሪካን ይፈልጋል። ያን ጀሪካን ከእጅ ፓምፕ ተሸክማ የምትመጣው ሴት ናት። ማንም የትል ኮምፖስት የሚያስተምር ሰው ይህን ሳይቆጥር «ርካሽ ቴክኖሎጂ» ቢል ትክክል አይመስለኝም። ሆኖም በበርታ ቤት ደጅ በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚፈስ ውኃ አለ፤ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱ ውኃ። ሳሙና የለበትም፣ ንጹሕ ነው፣ ከማንቆርቆሪያ ወርዶ መሬት ላይ ይቀራል። መደቡ ውዱ ከሚደረግበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከማንጎ ጥላ ሥር ከተሠራ፣ በትንሽ ቦይ ውኃው ራሱ ይደርሰዋል። አምስት ስድስት ሰው ያለበት ቤት የሚፈልገው ተጨማሪ ውኃ ከዚያ በኋላ ትንሽ ነው። የልብስ ማጠቢያውና የሳህን ማጠቢያው ውኃ ግን ሳሙናና ጨው ስላለበት አይሆንም።

ለሙቀቱም መልሱ እዚያው አገር ውስጥ አለ። የሲሚንቶ ሳጥንና የቆርቆሮ ጣሪያ ለመንጌ ፀሐይ ምጣድ ነው። በርታ ቤቱንና ጎተራውን የሚሠራበት የተሰነጠቀ ሽመል፣ ተጠላልፎና በጭቃ ተለስኖ አየር ያሳልፋል፤ ጭቃው ሲረጥብ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የሣር ክዳንና የማንጎ ጥላ ሲጨመርበት ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። መደቡ ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ጥልቀት ቢኖረው በበጋ አይመከርም፤ ትሉ ቀን ቀን ወርዶ የሚጠለልበት ሥፍራ ያስፈልገዋል።

ሽመል ሲነሣ ምስጥ ይከተላል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ምስጥ የማሳም የቤትም ጠላት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ደግሞ የሚወደው ምግቡ ነው። ደግነቱ ምስጥን እንደ ስፖንጅ የረጠበና የበሰበሰ ነገር ብዙም አይስበውም፤ የሚመጣው ጠርዙ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ የመደቡ እግር ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ በዙሪያው አመድ ይነሰነሳል፣ ደረቁ የቅጠል ክምችትም መሬት ሳይነካ በቆጥ ላይ ይቀመጣል። ጉንዳን ግን ከምስጥ የከፋ ነው፤ ቅጠሉን ሳይሆን ትሉን ነው የሚፈልገው፤ በአንድ ሌሊት መደብ ባዶ ያደርጋል። የእግሮቹን ሥር በውኃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ማቆም እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው። ወርቅ በሚታጠብበት አካባቢ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሜርኩሪ የነካው አፈርና ደለል ለመደብ መነጠፊያ መሆን የለበትም፤ ትል ከባድ ማዕድኖችን በሰውነቱ ያከማቻል፣ ዶሮም ትሉን ትለቅማለች።

ይህ ሁሉ ደክመንበት የሚገኘው ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ቁጥሩን ፊት ለፊት መናገር ይሻላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። የትል ኮምፖስት ሲደርቅ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረውና ግማሽ ክብደቱ ውኃ ቢሆን፣ አንድ ኩንታሉ የሚሰጠው ኪሎ አይሞላም፤ 750 ግራም ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያን በናይትሮጅን ለመተካት 60 ኩንታል ግድም ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ መደብ በጥሩ አያያዝ በአንድ ዙር ሁለት ኩንታል አካባቢ ይሰጣል፤ በዓመት ሦስት ዙር ቢሳካ ስድስት ኩንታል። ለአንድ ሄክታር ማሽላ የሚበቃ ለማምረት አሥር መደብ፣ አሥር እጥፍ ውኃ ይጠየቃል። ለማሽላ ማሳ የትል ኮምፖስት ይበቃል ብሎ ለመንጌ ገበሬ መንገር ስለዚህ እርሱን ማሳሳት ነው።

ቦታው ጓሮ ነው። ስድስቱ ኩንታል ለበርበሬ፣ ለባሚያ፣ ለሽንኩርት በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት እፍኝ ቢሰጥ፣ ሁለት እፍኝ 300 ግራም ብንለው 2,000 ችግኝ ያዳርሳል። ይህ ለአንድ ቤት ትልቅ ጓሮ ነው። በችግኝ ማፍያ ላይ ደግሞ ጥቅሙ ከናይትሮጅኑ በላይ ነው፤ ከአፈሩ ሩብ ያህል ሲቀላቀል የማንጎና የቡና ችግኝ ሥሩ ይበዛል፣ ውኃም ይዞ ይቆያል። ከሩብ በላይ ማድረግ ግን ጨውነቱ ለጨቅላ ሥር ስለሚከብድ አይጠቅምም። ለማሳው የሚሆነው ተራው ክምር ኮምፖስት፣ ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅና በአቅም የሚገዛ ማዳበሪያ ነው። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰለ ተቋም በቅርብ መኖሩ ይህን በአካባቢው አፈር ላይ እየለኩ ለመወሰን ዕድል ይሰጣል።

ዳር ላይ ያለ አንድ ጉዳይም አለ። አሶሳ ከተማ እያደገች ነው፤ የገበያዋ የማንጎ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ አንድ ላይ ተጠርጎ ይጣላል። በአዲስ አበባ ከቆሻሻው ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ለአሥርት ዓመታት ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ ተከመረ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትንሽ ከተማ ገና በትንሽነቷ የሚበሰብሰውን ከፕላስቲኩ ለይታ መሰብሰብ ብትጀምር ወጪው ምንም አይደለም። ከተማዋ ውስጥ የተመረተ ትል ለወረዳዎቹ ዘር ይሆናል፤ መንጌም ትል ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ አትሄድም።

ትሉን ወደ ዱር መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። በሰሜን አሜሪካ የሰሜኑ ደኖች ከበረዶ ዘመን ወዲህ የመሬት ትል አልነበራቸውም፤ ከአውሮፓና ከእስያ የገቡ ትሎች የደኑን ወለል የቅጠል ምንጣፍ እየበሉ ቡቃያው የሚያድግበትን አሳጥተውታል። ቀዩ ትል በመንጌ በጋ ከመደብ ውጭ ይተርፋል ብዬ አላስብም፤ ቢሆንም ሌላ አገር ቤት ያለው ዝርያ በግምት አይለቀቅም። ሙቀት የሚችለውን የምዕራብ አፍሪካ ትል፣ ዩድሪለስ ዩጂኒን፣ ለቆላ አስመጡ የሚሉ አሉ። በቂ ምርመራ ሳይደረግ መቸኮሉን አልደግፍም፤ ቀዩን ትል በጥላና በእርጥበት ማቆየት ይቻላል።

ቅጠሉም ከየት ይነሣል የሚለው እንዲሁ ወሰን ይፈልጋል። የዱሩን ወለል ጠርጎ ማምጣት ዱሩን መዝረፍ ነው። የሚነሣው ከግቢ፣ ከማንጎው ሥር፣ ከመንገድ ዳርና ከቤቶች ዙሪያ ነው። እዚህ ላይ እሳቱና ትሉ የሚገናኙበት ነገር አለ። ኅዳር ሳይጋመስ ከመንደሩ ዙሪያ አምስት ስድስት ሜትር ስፋት ያለው መስመር ቅጠሉና ሣሩ ቢጠረግ፣ እሳት ያን ባዶ መሬት በቀላሉ አይሻገረውም። የሣር ክዳን ቤት ላለው መንደር ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ የተጠረገውም ለዓመቱ የትል ቀለብ ይሆናል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች መጥተው በአሶሳ አምባዎች የሰፈሩት ሰዎች ፍግ ማብላላት ከአገራቸው ያውቃሉ፤ በርታው ሽመል መሥራትና እሳት መጠበቅ ያውቃል። ከመመሪያ ወረቀት ይልቅ በነዚህ ሁለት ዕውቀቶች መገናኘት እተማመናለሁ። በየቀበሌው የተቆፈረ የኮምፖስት ጉድጓድ መቁጠር ለምደናል፤ ከጉድጓዱ የወጣውን ብስባሽ መመዘን ግን ገና ነን።

ጊዜው እንዲህ ይሄዳል። ጥቅምት መጨረሻ ቅጠል ይሰበሰባል፤ ኅዳር ገለባው ከውድማ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ክምር ኅዳር ውስጥ ይብላላል። ወርቁ ጉልበት ሳይጎትት በፊት መደቡ ተሠርቶ መጠናቀቅ አለበት፤ ታኅሣሥና ጥር ብዙ ሰው ቤት አይገኝም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ውኃው ብቻ ነው ሥራው። ግንቦት ላይ መሬቱ ሲረጥብና ችግኝ ሲዘጋጅ ኮምፖስቱ ይወጣል። ላዩን ፀሐይ ሲያገኘው ትሎቹ ስለሚወርዱ ከላይ ከላይ እየተጠረገ በወንፊት ይነፋል፤ የቡና አተላ የመሰለ፣ እጅ የማያቆሽሽ፣ የመጀመሪያ ዝናብ ጠረን ያለው ጥቁር ፍርፋሪ ነው። ወንፊቱ ላይ የሚቀሩት ቢጫ ፍሬዎችና ያልበሰለ ቅጠል ወደ መደቡ ይመለሳሉ።

ከአሶሳ ወደ መንጌ ትል መውሰድ የሚሻለው ማታ ነው። ግማሽ ድረስ እርጥብ ብስባሽ በተሞላ ጆንያ ውስጥ ከነምግባቸው ይገባሉ፤ የጆንያው አፍ አየር እንዲገባ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከሌላ ዕቃ ሥር አይጫንም። ሁለት ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ ሁለት ኪሎ ትል ይበቃል፤ አንድ ኪሎም ቢሆን ይሆናል፣ ሁለት ወር መታገሥ ብቻ ነው። ሲነጋ ትሎቹን መደቡ ላይ ማፍሰስ እንጂ መቅበር አያስፈልግም። ብርሃን ስለሚሸሹ በሩብ ሰዓት ውስጥ ራሳቸው ይገባሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላም ላዩ ላይ የሚርመሰመሱ ከሆነ መደቡ ገና ትኩስ ነው፤ ሰብስቦ ወደ ጆንያው መመለስና አንድ ሳምንት መቆየት ነው።